የላቫጆ ማሽን ስትገዙ ሊትሩን ጠይቁ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ዕቃ ናቸው። ስለ ግፊት ማጠቢያ ማሽን፣ ሁላችንም የላቫጆ ማሽን ስለምንለው። የክረምቱ ጭቃ ሲጀምር ሁሌም እንዲህ ነው። ለመጀመሪያዋ ጠያቂ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። የምትገዛው በብድር ነውና በሁለት መስመር ላልፈው አልፈለግሁም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? እኔና ወንድሜ ሰሚት አካባቢ ቦታ ተከራይተን ላቫጆ ልንከፍት ነው። በቀን እስከ 20 መኪና እናጥባለን ብለን ተስፋ አድርገናል። መርካቶ ዞረን ሁለት ማሽን ለየን። አንዱ ቀላል ነው፤ በአንድ እጅ ይነሳል። ካርቶኑ ላይ 200 ባር ይላል፤ 1.8 ኪሎዋት ነው። ሌላው ለሁለት ሰው ይከብዳል። 3 ኪሎዋት፣ 1450 ዙር፣ በደቂቃ 11 ሊትር፣ የሥራ ግፊት 130 ባር ይላል። ዋጋው ግን የትንሹን እጥፍ ያልፋል። ሻጩ «ትንሹ በጉልበት ይበልጠዋል» አለን። እውነቱን ነው? መብራት ስለሚጠፋስ ባለ ቤንዚኑ አይሻልም?

መልስ፦ እህቴ፣ ከባዱን ግዢ።

ባር ማለት ውሃው የሚገፋበት ኃይል ነው። ጭቃውን ከላሜራው የሚያላቅቀው እሱ ነው። የተላቀቀውን ጠርጎ የሚወስደው ግን የውሃው ብዛት ነው፤ በደቂቃ ስንት ሊትር ይወጣል የሚለው። ባሩ በዝቶ ሊትሩ ካነሰ ውሃው እንደ መርፌ ይሆናል፤ የነካውን ነጥብ ብቻ ያጸዳል። በመከላከያው ስር የተጋገረውን ጭቃ በዚህ ለማውረድ የሚያጥቡት ልጆች እዚያው ቆመው ይውላሉ። ደንበኛ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም፤ ቀጣዩ ላቫጆ ይሄዳል።

ሻጩ ፊት ቆማችሁ በስልካችሁ የምትሠሩት ሒሳብ አለ። ባሩን በደቂቃ ከሚወጣው ሊትር ጋር አባዙት፤ ከዚያ ለ600 አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር ውሃው የሚያገኘው ኪሎዋት ነው። ሞተሩ ከዚያ በሩብ ያህል መብለጥ አለበት፤ ሞተሩና ፓምፑ ራሳቸው የሚበሉት አለና። ከባዱን እንየው። 130 ሲባዛ በ11፣ ሲካፈል ለ600፣ 2.4 ኪሎዋት ገደማ ይመጣል። ሩብ ጨምሩበት፤ 3 ኪሎዋት። ኔምፕሌቱ ላይ (ማሽኑ ላይ የተለጠፈው የመረጃ ሰሌዳ ላይ) ከተጻፈው ጋር ገጠመ። ይህ ማሽን እውነቱን ነው የሚናገረው።

አሁን ትንሹን። 1.8 ኪሎዋት ሞተር ለውሃው የሚያደርሰው 1.4 ቢሆን ነው። በዚያ ጉልበት እውነት 200 ባር ቢሰጥ፣ የሚወጣው ውሃ በደቂቃ 4 ሊትር ከምናምን ብቻ ነው። 7 ሊትር አወጣለሁ ካለ ደግሞ ግፊቱ 120 ባር አካባቢ ይወርዳል። 200ውና 7ቱ አንድ ላይ አይገኙም። ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ከፍተኛው ግፊት ነው፤ ውሃ የሚረጨው ሽጉጥ ሲዘጋ ለቅጽበት የሚደርስበት። እናንተ የምትፈልጉት የሥራ ግፊቱን ነው። አንዳንዱ ደግሞ በፒኤስአይ ይጽፋል፤ ቁጥሩ ገዝፎ እንዳያስደነግጣችሁ። 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። 2,200 ፒኤስአይ ቢላችሁ 150 ባር ገደማ ማለት ነው። ሊትሩን በሰዓት ከጻፈ ለ60 አካፍሉት።

ከቁጥሩ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ውስጡ ያለው ነገር ነው። ቀላሉ ማሽን ባለ ካርቦን ሞተር ነው፤ ካርቦን የምንለው መብራቱን ለሚሽከረከረው ክፍል እየተፋተገ የሚያደርሰውን ቁራጭ ነው። በከፍተኛ ዙር ይሽከረከራል፣ ይጮሃል፣ ቶሎ ይግላል። ለሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ሠርቶ እንዲያርፍ የተሠራ ነው፤ ለዚያም ጥሩ ዕቃ ነው። ጠዋት ተነስቶ ማታ ይጠፋል ተብሎ ግን አልታሰበም። ካርቦኑ ያልቃል፤ እሱ እንኳ ይለወጣል። የፓምፑ ራስ ፕላስቲክ ወይም ስስ አሉሚኒየም ከሆነ ግን ሲሰነጠቅ መፍትሔ የለውም። ወደ ዎርክሾፓችን ተሰንጥቀው ከሚመጡት ብዙዎቹ የቤት ማሽኖች ናቸው፤ ላቫጆ ሲሠራባቸው የኖሩ። ባለቤቶቹ ዕቃው ይጠገናል ብለው ተስፋ አድርገው ነው የሚያመጡት። «አይጠገንም» ማለት በጣም ይከብደኛል፤ ብዙዎቹ ገና ብድራቸውን ከፍለው አልጨረሱምና።

የከባዱ ሞተር ኢንዳክሽን ዲናሞ ነው፤ ካርቦን የለውም። በደቂቃ 1450 ዙር መሆኑ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። 2800 ዙር ከሚሽከረከረው ጋር ሲተያይ ፓምፑ በግማሽ ፍጥነት ይመላለሳል፤ ጎሚኒው፣ ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው የፓምፑ ጎማ፣ ቶሎ አይበላም። ዲናሞው ቢቃጠል እንኳ ጥቅለላ ቤት ወስዳችሁ በመዳብ ታስጠቀልሉታላችሁ። ትንሹን ግን የሚጠቀልል ቤት ማግኘት ከባድ ነው።

ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ማሽኑን እዚያው አዩት። የፓምፑ ራስ ነሐስ ነው? የዘይት ማያ መስታወት አለው? ውስጡ ሦስት የሴራሚክ ፒስተን አለ? ሻጩ ውስጡን ካላወቀ የሚያውቅ ሰው ይጥራ። ከዚያ የጎሚኒና የቫልቭ መለዋወጫውን በእጁ ያሳያችሁ። «ይመጣል» ካላችሁ አትግዙ። ማሽኑ በተበላሸበት ቀን የ100 ብር ጎሚኒ ጠፍቶ ሳምንት ከምትዘጉ፣ በስም ያልታወቀ ግን መለዋወጫው መርካቶ የሚገኝ ማሽን ይሻላችኋል። በብራንድ የምትገዙ ከሆነም ለቤትና ለሥራ የተሠሩትን ለዩ። ለምሳሌ ካርቸር የቤቶቹን ቢጫ፣ የሥራዎቹን ግራጫ አድርጎ ነው የሚያወጣው። ስሙ አንድ ስለሆነ ዕቃው አንድ አይደለም።

ስለ ቤንዚኑ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። አየሩ ስስ ነው። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ያጣል፤ ሰሚት ላይ ሲደርስ ሩብ ጉልበቱ የለም። ካርቡሬተሩ ለከፍታ ካልተስተካከለ ደግሞ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ቤንዚን ይበላል። የቤንዚን ወረፋውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ግንባታ ቦታ ለሚዞር፣ መብራት በሌለበት ለሚሠራ ሰው ባለ ቤንዚኑ ግድ ነው። ቋሚ ቦታ ላላችሁ ግን በመብራት ሥሩ። መብራት ሲጠፋ ብላችሁ ጀነሬተር ካሰባችሁ፣ ኢንዳክሽን ዲናሞ ሲነሳ የሚስበው ብዙ ነው። ለ3 ኪሎዋት ዲናሞ ጀነሬተሩ ቢያንስ ከ7 እስከ 8 ኪሎዋት ይሁን።

መስመሩን አደራ። ይህ ማሽን እስከ 20 አምፔር ሊስብ ይችላል። ከሻይ ማፍያው ጋር አንድ ሶኬት ላይ አይሰካም። ከቆጣሪው ለብቻው 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ ለብቻው ብሬከር። በቀጭን ማራዘሚያ ከሠራችሁ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ዲናሞው ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። ከዚህ የሚበልጥ ማሽን ለመግዛት ካሰባችሁ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ያስፈልጋችኋል። ስለዚህ ኪራይ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ቆጣሪውን እዩ።

ደግሞ በብሬከሩ ላይ 30 ሚሊ አምፔር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲያገኝ የሚቆርጥ መሣሪያ ይገጠም፤ ኤርዙም (የመሬት ሽቦው) በትክክል ይቀበር። ልጆች በነጠላ ጫማ፣ በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ፣ በእርጥብ እጅ የሚይዙት ማሽን ነው። ይህ ወጪ ከማሽኑ ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው። «ቆይ ሥራው ይጀመርና» የሚባል ነገር አይደለም። ቦት ጫማም ግዙላቸው።

ውሃው ደግሞ አለ። በደቂቃ 11 ሊትር የሚያወጣ ማሽን፣ አንድ መኪና ላይ ሽጉጡ ተከፍቶ የሚቆየው አምስት፣ ስድስት ደቂቃ ቢሆን፣ 60 ሊትር ገደማ ነው። 20 መኪና 1,200 ሊትር። ምንጣፉንና ባልዲውን ጨምሩበት። ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ አንድ ሮቶ አይበቃችሁም፤ ቢያንስ የሁለት ቀን ውሃ ያዙ። ሮቶውን ከማሽኑ ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጡት፤ ውሃው በራሱ ክብደት ይውረድለት። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ፓምፕ ከታች ውሃ የመሳብ አቅሙ ከባህር ዳርቻ ከተማ በሩብ ያህል ያንሳል፤ የሚገፋለት አየር ቀላል ነውና። ከመሬት በርሜል ሳቡበት ካላችሁት አየር ይገባል፣ ፓምፑ ይንጫጫል፣ ውስጡ ይቦረቦራል። መግቢያው ጎማ ባለ 3/4 ኢንች ይሁን፤ ማጣሪያም ይኑረው። ማጣሪያውን በየቀኑ ጠዋት ፈታችሁ እጠቡት።

ለልጆቹ ይህን አስተምሯቸው። ሽጉጡን ለቀው ስልክ ማውራት የለም። ሽጉጡ ተዘግቶ ሞተሩ ከሠራ፣ ያው ውሃ ፓምፑ ውስጥ ይዞራል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፤ ጎሚኒውን ይቀቅለዋል። ከሁለት ደቂቃ በላይ ካቆሙ ማሽኑ ይጥፋ። ሽጉጡ ሲለቀቅ ራሱ የሚያጠፋ ማሽን ካገኛችሁ ግዙት። የፓምፑን ዘይት መጀመሪያ ከ50 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያ መመሪያው በሚለው ጊዜ ለውጡ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነውና ያን ቀን አቁሙት።

መኪና ላይ ባለ 25 ወይም ባለ 40 ዲግሪ ኖዝል (ሽጉጡ ጫፍ ላይ የሚገጠመው የውሃ መውጫ) ተጠቀሙ፤ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴና ነጭ ናቸው። ቀዩ፣ ዜሮ ዲግሪው፣ መኪና ላይ አይሞከርም። ከቀለሙ 30 ሳንቲ ሜትር ራቁ። ጎማም ቢሆን ስስ ነው፤ የጎማውን ጎን በቅርበት ከመታችሁት ይጎዳል፣ ጉዳቱ ደግሞ ወዲያው አይታይም። ሳሙናው የመኪና ሳሙና ይሁን፤ ኦሞ ቀለሙን ያደርቀዋል። የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋልና ደግሞ፣ የቻርጅ መሰኪያው መዘጋቱን ሳታዩ አትጀምሩ፤ ከስሩ ያሉትን ወፋፍራም ብርቱካናማ ገመዶችና ማያያዣዎቻቸውንም በግፊት አትምቱ።

አንድ የቀረ አለ። ቆሻሻው ውሃ ዘይትና ግራሶ አለበት። ወደ መንገዱ ቦይ መልቀቅ ጎረቤትን ማስቀየም ብቻ ሳይሆን በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የሚያስጠይቅ ነው። ሁለት ክፍል ያለው ጉድጓድ አሠሩ። በመጀመሪያው አሸዋው ይቀመጣል፤ በሁለተኛው ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ውሃው ከስር ይወጣል። ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት ከሆነ ወጪው ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ ባህር ዳር ነው የምኖረው፤ ጡረታ ወጥቻለሁ። አንድ ቪትዝ መኪና፣ በኮብልስቶን የተነጠፈ ግቢና በረንዳ አለኝ። ልጆቼ «አንዴ ከገዛህ አይቀር የላቫጆውን ግዛ» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ አባቴ፣ የላቫጆው ለእርስዎ አያስፈልግም። የመግፋቱ ድካም አለ፣ መስመር ማስለወጡ አለ። ከ100 እስከ 130 ባር፣ ከ6 እስከ 7 ሊትር የሚሰጥ የቤት ማሽን ይበቃዎታል። ኢንዳክሽን ሞተር ያለው የቤት ማሽን ካገኙ ትንሽ ጨምረው እሱን ይውሰዱ፤ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው።

ኮብልስቶኑን ሲያጥቡ ግን በሰፊው ኖዝል፣ ጎንበስ ባለ ማዕዘን ይሁን። ቀጥ አድርገው ከመቱት በድንጋዮቹ መሐል ያለውን አሸዋ ጠርጎ ያወጣዋል፤ በሚቀጥለው ክረምት ድንጋዩ መናድ ይጀምራል። ካጠቡ በኋላ ሲደርቅ ደቃቅ አሸዋ በትነው በመጥረጊያ ያስገቡበት።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው የምጽፈው። እህቴ ሪያድ ነው ያለችው፤ ዱባይም ጓደኛ አለቻት። ከሁለቱ አገሮች ከየትኛው ብታመጣልኝ ይሻላል? ሌላ ዘመዴ ደግሞ ከአሜሪካ እልካለሁ ይላል።

መልስ፦ ከዱባይ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው (ኸርዝ መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው)፤ የዱባይም 50 ኸርዝ ነው። የሳዑዲው ግን 60 ነው። ቮልቴጁ ተመሳሳይ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይህን አይጠይቅም። ለ60 ብቻ የተሠራ ኢንዳክሽን ዲናሞ እዚህ ሲሰካ ዙሩ ከስድስት አንድ እጅ ይቀንሳል፤ ውሃውም በዚያው ልክ ያንሳል፤ ይባስ ብሎ ዲናሞው ይግላል። እህትሽ ከሪያድ ካመጣች የግድ ኔምፕሌቱን በስልክ ፎቶ አንስታ ትላክልሽ። «50/60» የሚል ከሆነ ችግር የለም።

የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። በቤት ስታቢላይዘር የሚፈታ አይደለም። ዘመድሽን አመስግኚና ገንዘቡን ይላክልሽ። ባለ ቤንዚን ከሆነ ግን መብራቱ አያገባውም፤ ከፍታውን ብቻ አስቢ፤ ደሴም ከ2,400 ሜትር በላይ ናት።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ጋራዥ አለኝ። ማሽኔ ጥሩ ነበር፤ አሁን ግፊቱ ይመጣል ይሄዳል፣ ሽጉጡ በእጅ ውስጥ ይርገበገባል። አንዱ ባለሙያ «ፓምፑ አልቋል» አለኝ።

መልስ፦ ፓምፕ ከመግዛትህ በፊት ከርካሹ ጀምር፣ ወንድሜ። መጀመሪያ የመግቢያውን ማጣሪያ አውጥተህ እይ። ቀጥሎ የመግቢያውን ጎማ ማሰሪያዎች አጥብቅ፤ አየር ከሚስብባቸው ቦታዎች ዋናዎቹ እነሱ ናቸው። ከዚያ ኖዝሉ። የእናንተ ውሃ ነጭ ድንጋይ ይሠራል፤ የጀበናችሁን ውስጥ አይተህ ታውቀዋለህ። ኖዝሉን ሌሊቱን አቼቶ ውስጥ ነክረህ አሳድረው፤ ጠዋት በቀጭን ሽቦ ጥረገው። ቀዳዳው ሰፍቶ ከሆነ ግን ለውጠው፤ ርካሽ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተስተካከለ የፓምፑን ቫልቮች አስፈታ። አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ናቸው፤ ከአንዳቸው ስር አሸዋ ወይም ያው ነጭ ድንጋይ ተቀምጦ ታገኛለህ። ፓምፑ አለቀ የሚባለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ አዳማ ላቫጆ አለን። ባለፈው አንድ ሠራተኛችን ሽጉጡን ሲያጸዳ ውሃው አመልካች ጣቱን ወጋው። የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ናት፤ ደምም ብዙ አልወጣውም። ፕላስተር አድርገንለት ሥራውን ቀጠለ። ማታ ላይ ግን ጣቱ አብጦ ነበር። ወደፊት እንዲህ ሲገጥም ምን እናድርግ?

መልስ፦ ደብዳቤያችሁ እንደደረሰኝ መልእክት ልኬላችኋለሁ፤ እዚህ የምጽፈው ለሌሎቹ ላቫጆዎች ሁሉ ነው። በከፍተኛ ግፊት የገባ ውሃ ቆዳው ላይ አይቀርም። በጅማቱ ሽፋን ውስጥ ወደ መዳፍ ድረስ ይሄዳል፤ ሳሙናውን፣ ዘይቱን፣ ጀርሙን ይዞ። ውጪው ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ጉዳቱ ያለው ውስጥ ነው። መጀመሪያ ላይ ላያምም ይችላል። በሰዓታት ውስጥ ያብጣል፣ የደም ዝውውሩን ያፍነዋል። ዘግይቶ የሄደ ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ ሲገጥም ፕላስተር ለጥፎ መጠበቅ የለም። በዚያው ሰዓት ቀዶ ሕክምና ወደሚሠራበት ሆስፒታል ውሰዱት። ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት፤ «የላቫጆ ማሽን ነው የወጋው፣ ግፊቱ ይህን ያህል ባር ነው፣ ውሃው ውስጥ ይህ ሳሙና ነበረበት፣ ሰዓቱ ይህ ነበር»። ሐኪሙ ሳያየው ምንም አይብላ፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። እጁን ከፍ አድርጎ ይያዝ። አሰሪው አብሮት ይሂድ፤ ልጁ ብቻውን ከሄደ ቀዳዳዋ ትንሽ ስለሆነች «ደህና ነኝ» ብሎ ሊመለስ ይችላል።

ለወደፊቱ ደግሞ ኖዝል የሚለወጠውና የሚጸዳው ማሽኑ ከጠፋ፣ ከዚያ በኋላ ሽጉጡ ተጭኖ ውስጡ የቀረው ግፊት ከወጣ በኋላ ብቻ ነው። ማስፈንጠሪያውን በሽቦ ወይም በላስቲክ አስሮ መሥራት ይቁም። እረፍት ላይ መቆለፊያው ይቆለፍ። አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር ይህን በቃል አትንገሩት፤ ማሽኑ ጋር አቁማችሁ አንድ በአንድ ራሱ ያድርገው።